ይሄ እንጀራ ምን ምን አለው?

ከመካከላችን አንዷ ከሐኪም ቤት ወጥታ መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጠች ደወለችልን። ሦስት ዓመት ሙሉ ሆዷን ሲነፋት፣ ደሟ ሲያንስ፣ በብረት ኪኒን ላይ ብረት ኪኒን ስትጨምር ኖራ በመጨረሻ ኢንዶስኮፒ ተደርጎላት የበሽታዋ ስም ተነገራት። ሴሊያክ። «እስቲ ኑና ይሄን ወረቀት አንብቡልኝ» አለች። እንግሊዝኛው ጠፍቷት አይደለም፤ እንባው አላስነብብ ብሏት ነው።

ወረቀቱ ሁለት ገጽ ነው። በግራ በኩል የተከለከለው ተደርድሯል፦ ስንዴ፣ ገብስ፣ ራይ የሚባለው የፈረንጅ እህልና ከነዚህ የሚሠራ ነገር ሁሉ። በቀኝ በኩል የተፈቀደው፦ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ድንች፣ ማሽላ እያለ ይወርድና ከታች፣ ኪኖዋ ከሚባለው ቀጥሎ፣ አንዲት የምናውቃት ቃል ተጽፋለች። ጤፍ።

እልል አልን። የእውነታችንን ነው። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ዕድሜ ልክሽን ዳቦ የለም» ሲላት ፈረንጅ ብትሆን ኖሮ ሰማይ ይደፋባት ነበር። እኛ ግን ጤፍ ካለ ምን ጎደለ ብለን ተጽናናን። እሷም በዚያው ቀን ማታ ሁልጊዜ ከምትገዛበት ሱቅ ሁለት እሽግ እንጀራ ይዛ ገባች። ፓስታውን ለጎረቤት ሰጠች። ድፎ ዳቦን ተሰናበተች። ቢራ ድሮም አትወድም። ስድስት ወር እንደ መነኩሴ ኖረች።

በስድስተኛው ወር ደሟ ሲመረመር ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ሐኪሙ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «እውነቱን ንገሪኝ፤ ተደብቀሽ ዳቦ ትበያለሽ?» ብሎ ጠየቃት። አልበላችም። የምትበላው እንጀራ ውስጥ ግን ገብስና የስንዴ ዱቄት ነበረበት።

ይሄን የምንጽፈው ለዚህ ነው። ዋሽንግተንና አካባቢው፣ ሲልቨር ስፕሪንግም በሉት አሌክሳንድሪያ፣ ሀበሻ በሞላበት አገር ተቀምጠን፣ ሐኪሙ በነገረን በሽታ ላይ የሚያስፈልገን መረጃ ሐኪሙ ዘንድ አልነበረም። እኛው ሰፈር፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ጓዳ ውስጥ ነበር። የሚጠይቅ ጠፍቶ ነው።

በሽታውን ለማያውቅ ባጭሩ እንዲህ ነው። ሴሊያክ አለርጂ አይደለም። በስንዴ፣ በገብስና በራይ ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ፤ የስንዴን ሊጥ እንደ ማስቲካ የሚያያይዘው እሱ ነው። ይሄ ነገር በሽታው ያለበት ሰው አንጀት ሲገባ፣ ከጀርም ሊጠብቀው የተፈጠረው የገዛ መከላከያው ተነሥቶ አንጀቱን ይወጋል። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ምግብ የሚመጥጡ፣ እንደ ፎጣ ክር የቆሙ ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ እነሱ ይታጨዳሉ። ከዚያ በኋላ ምግቡ ይገባል እንጂ አይዋሃድም። አንዱ ተቅማጥና የሆድ መነፋት ይዞት ይመጣል፤ ሌላው ሆዱን ምንም ሳይለው በደም ማነስ፣ በአጥንት መሳሳት ወይም ልጅ በመከልከል ይመጣል፤ ሕፃን ከሆነ አላድግ ይላል። የሚዋጥ መድኃኒት የለውም። ሕክምናው ግሉተንን ዕድሜ ልክ መተው ነው፤ መተው ሲባል ደግሞ ፍርፋሪውንም ጭምር። በደንብ የተወ ሰው አንጀቱ ቀስ በቀስ ያገግማል፤ ጊዜው ግን ከወራት እስከ ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

«ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል ሰው አላጣንም። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱን ያህል ይይዛል ይባላል። የበሽታውን ምክንያት ደርሶበት ለዓለም ያሳየው ዊለም ዲከ የተባለ የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። ስንዴን አስቀድሞም ይጠረጥር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ በነበረው የጦርነት ረሃብ ዳቦ ከአገሩ ሲጠፋ የሱ ሕመምተኛ ልጆች ሻል አላቸው፣ ዳቦው ሲመለስ ተመልሰው ታመሙ። ታሪኩ እዚያ ይጀምር እንጂ እዚያ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት በአልጄሪያ የስደተኞች ካምፕ በሚኖሩ የሰሐራዊ ልጆች ላይ ከመቶ አምስት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴሊያክ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ከአውሮፓ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። እነሱም እንደኛው አፍሪካውያን ናቸው። ስለዚህ ፈረንጅነቱን እንተወው።

ይልቅ የኛ አገር ሰው ሆዱን ሲያመው ስሙ አንድ ነው፦ ጨጓራ። ጨጓራ ካልሆነ አሜባ፣ አሜባ ካልሆነ ጃርዲያ፤ ሁሉም ካልሆነ ዓይን። ጓደኛችን በነዚያ ሦስት ዓመታት ስንት ጊዜ ፌጦ እንደጠጣች፣ ስንት ጊዜ ነጭ ሽንኩርት በማር እንደዋጠች ራሷም አታስታውሰውም። ፌጦውን እየተቃወምን አይደለም (አንዳችን አሁንም ይጠጣል)። ግን ለዓመታት የሚመላለስ የሆድ ሕመምና ምክንያቱ ያልታወቀ የደም ማነስ ያለበት ሰው አንድ የደም ምርመራ መጠየቅ ይችላል፤ ለሴሊያክ የሚታዘዘው ቲቲጂ የሚባለው ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነገር አለ። ስንዴን አስቀድሞ ትቶ የሚመረመር ሰው በሽታው እያለበት «የለብህም» ሊባል ይችላል፤ ምርመራው የሚፈልገው ሰውነቱ ለግሉተኑ የሠራውን መልስ ነውና። ስለዚህ ከምርመራው በፊት ዳቦውን አትተዉ። ከተመረመራችሁ በኋላ ደግሞ ለእኅት ወንድም፣ ለእናት አባት፣ ለልጅ ንገሩ። በሽታው በዘር ስለሚሄድ የነሱ ዕድል ከሌላው ሰው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የጓደኛችን ታናሽ ወንድም «እኔ ምንም የለብኝም» እያለ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው፤ አልተመረመረም።

ወደ እንጀራው እንመለስ።

ጤፍ ራሱ ንጹሕ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የሆላንድ ተመራማሪዎች የተለያዩ የጤፍ ዓይነቶችን ፈትሸው የሴሊያክ ሕመምተኛን የሚጎዳው ነገር እንደሌለባቸው በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳትመዋል። (በዚያው አገር አንድ ኩባንያ የጤፍን ዱቄት አሠራር የኔ ነው ብሎ የባለቤትነት መብት ማውጣቱን፣ የሆላንድ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2018 መብቱን መሠረዙን ስናስታውስ አሁንም ይቆጨናል፤ ግን እሱ የሌላ ቀን ጉዳይ ነው።) ስለዚህ የሐኪሙ ወረቀት አልዋሸም። ወረቀቱን የጻፈው ሰው ግን ጤፍ ሲል ዱቄቱን ነው የሚያስበው። እንጀራ እንዴት እንደሚጋገር፣ በስደት አገር ምን እንደሚቀላቀልበት አያውቅም፤ ከየት ያውቃል? የአሜሪካ የምግብ ጸሐፊዎችም «የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ለሴሊያክ ሰው ገነት ነው» እያሉ ሲጽፉ ዓመታት አልፈዋል። እኛም ደስ ብሎን እንቀበላለን፣ አንዳንዴም ለፈረንጅ የሥራ ባልደረባችን ደረታችንን ነፍተን እንደግመዋለን። ስንቱን ሰው አሳስተን ይሆን?

ጓደኛችን ከዚያ የሐኪም ቀጠሮ በኋላ ተናዳ ሱቁ ሄደች። አብረናት የሄድነው ሁለት ነን።

«ጋሼ፣ ይሄ እንጀራ ምን ምን አለው?»

«ጤፍ ነዋ! ምን ይኖረዋል?»

«ጤፍ ብቻ?»

«ንጹሕ ጤፍ!» አሉ፤ ቀጥለውም ዝቅ ባለ ድምፅ «ምነው ልጄ፣ ስኳር አለብሽ እንዴ?»

መደርደሪያው ላይ አራት ዓይነት እንጀራ ነበር። አንዱ እሽግ ላይ በደቃቅ ፊደል «ጤፍ፣ ገብስ፣ ውኃ» የሚል ተጽፎበታል። ሁለተኛው ላይ «ሰልፍ ራይዚንግ» የሚለው የስንዴ ዱቄት አለ። ሦስተኛው ላይ የጤፍ ሥዕል አለ፣ ሌላ ምንም የለም። እሷ ስድስት ወር የበላችው አራተኛው፣ በግልጽ ፌስታል የታሰረው፣ የስልክ ቁጥር ብቻ ነበረው።

ስለ ሕጉ ጥቂት እንበል፣ ብዙ ሰው የሚያምነው እሱን ነውና። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የአለርጂ ሕግ መሠረት የታሸገ ምግብ ስንዴ ካለበት በግልጽ መናገር አለበት። ገብስ ግን በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሰሊጥ እንኳ ከ2023 ጀምሮ ገብቷል፤ ገብስ ዛሬም ውጭ ነው። ስለዚህ «ስንዴ አለበት» የሚል ማስጠንቀቂያ የሌለበት እንጀራ ገብስ ሞልቶት ሊሆን ይችላል፤ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ማንበብ ግድ ነው። «ግሉተን ፍሪ» የሚለው ጽሑፍ ደግሞ ከ2014 ጀምሮ ልክ ተበጅቶለታል፤ ይሄን የሚጽፍ ሰው ምግቡ በአንድ ኪሎ ውስጥ ከ20 ሚሊግራም ያነሰ ግሉተን ሊኖረው ይገባል። ሃያ ሚሊግራም ማለት ቁንጥር እንኳ አይሞላም። ግን መጻፉ የሻጩ ፈቃድ ነው፤ ካልጻፈ ማንም አያስገድደውም።

ፌስታሉ ላይ ያለው ስልክ ተደወለ። ያነሡት እናት አድራሻቸውን ነገሩንና ቅዳሜ ከሰዓት ሄድን። ቤታቸው ምድር ቤት ውስጥ አምስት የኤሌክትሪክ ምጣድ ተደርድሯል፤ ሰፌዱ፣ ጨርቁ፣ ባልዲው ሁሉ በየቦታው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚያ ምጣድ ነው። ጓደኛችን ስለ በሽታዋ ስትነግራቸው አንዴም አላቋረጧትም።

«እውነቱን ልንገርሽ ልጄ» አሉ። «ግማሹ ጤፍ ነው። ገብስ አለው። ትንሽ ሰልፍ ራይዚንግም ጣል አደርግበታለሁ። ጤፉ ብቻውን እዚህ አገር እንደዚያ እንደ አገር ቤቱ አይሆንልኝም፤ በማግስቱ ይሰባበራል፣ ሰዉ ደግሞ ለስላሳና ነጣ ያለ ነው የሚወደው። ዋጋውንስ ማን ይችለዋል?» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «ግን እኮ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አሉ።

ማንም ጠይቋቸው አያውቅም። ሃያ ዓመት።

እኛ ወዲያው «እንግዲያው ለሷ ብቻ ንጹሕ ጤፍ ይጋግሩላት» አልን። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እርሾውስ?» አሉ።

ይሄን ጥያቄ ሐኪሙ አላነሣውም። የሥነ ምግብ ባለሙያዋም አላነሣችውም። ሁለቱ ገጽ ወረቀት ላይም የለም። እርሾ ማለት ካለፈው ሊጥ የቀረው ነው፤ ያለፈው ሊጥ ገብስና ስንዴ ካለበት እርሾውም አለበት። ባልዲውም እንዲሁ ነው፣ ምጣዱ የሚታሰስበት ጨርቅም እንዲሁ። ሴትየዋ ቆም ብለው በጣታቸው እየቆጠሩ የነገሩን፣ እኛ ከዚያ በፊት ካነበብነው ሁሉ የሚበልጥ ነበር። አዲስ እርሾ ከጤፍና ከውኃ ብቻ መጀመር አለበት፤ ጥቂት ቀን ይፈልጋል። አዲስ ባልዲ፣ አዲስ ማሰሻ፣ ለብቻው የተቀመጠ ምጣድ። ዱቄቱም የትም የተፈጨ አይሆንም፤ አገር ቤት ወፍጮ ቤት ስንዴውም ጤፉም በአንድ ድንጋይ ላይ እንደሚያልፍ እናውቃለንና። ደግነቱ ዌይን ካርልሰን የሚባል አሜሪካዊ ኢትዮጵያ ሠርቶ ከተመለሰ በኋላ በ1980ዎቹ አይዳሆ ውስጥ ጤፍ መዝራት ከጀመረ ወዲህ፣ አሜሪካ ውስጥ የበቀለና «ግሉተን ፍሪ» ተብሎ የተጻፈበት የጤፍ ዱቄት ይገኛል። ውድ ነው። ግን አለ።

እናትየዋ ሰኞ ጠዋት፣ ከሌላው ሊጥ በፊት፣ ለብቻው እንዲጋግሩላት ተስማሙ። መጀመሪያው ሰኞ እንጀራው ዓይን አላወጣም። ሁለተኛው ሰኞ ኮመጠጠ። ሦስተኛው ሰኞ በላን፤ ሁላችንም።

ይሄን ስንነጋገር ከመካከላችን አንዱ ተቃወመ። ነገሩ የሚናቅ ስላልሆነ እዚህ እናነሣዋለን። «እነዚህ እናቶች በአንድ እሽግ ስንት ሳንቲም እንደሚያተርፉ ታውቃላችሁ? ጤፍ ስንት እንደገባ ታውቃላችሁ? አሁን እናንተ እሽጉ ላይ ገብስ አለበት ብለው ይጻፉ ስትሉ ደንበኛው ሁሉ ያጭበረበሩት ይመስለዋል። ገበያቸውን ትዘጋላችሁ» አለ። እውነት አለው። ሀበሻ እንጀራው ላይ ገብስ እንዳለ ሲሰማ «አታለሉን» ማለቱ አይቀርም፤ ሁላችንም በልቡ እንደሚያውቀው ንጹሕ ጤፍ በዚያ ዋጋ እንደማይሸጥ እያወቀ እንኳ።

ግን መቀላቀሉ ወንጀል አይደለም። ገብስ እንጀራ አገር ቤትም አለ፤ ወሎና ጎጃም ደጋው ላይ ያደገ ሰው ይነግራችኋል። ማሽላም፣ ዳጉሳም፣ በቆሎም፣ ሩዝም ይቀላቀላል፤ እነዚህ አራቱ ደግሞ በተፈጥሯቸው ግሉተን የላቸውም፤ ጋጋሪ ሰው በገብስ ፈንታ በነሱ መቀላቀልም ይችላል። ችግሩ አለመንገሩ ነው። «ንጹሕ ጤፍ» ብሎ በሸጠና «ግማሹ ገብስ ነው» ብሎ በሸጠ ሰው መካከል ያለው ልዩነት ለአብዛኛው ደንበኛ የስሜት ጉዳይ ነው፤ ለሷ ግን ስድስት ወር የአንጀት ቁስል ነው። እናቶቹ ደግሞ ሲጠየቁ እንደሚናገሩ አይተናል። ያልተናገረው ባለ ሱቁ ነው፤ እሱ ደግሞ ሊጡን አይቶት አያውቅም።

ስለ ቤተሰብ ሳንናገር አናልፍም። እናቷ አዲስ አበባ ናቸው። ልጃቸው አንጀቷ መታመሙን ሲሰሙ የሚያውቁትን መድኃኒት በመንገደኛ ላኩላት፦ ሁለት ኪሎ በሶና አንድ ፌስታል የገብስ ቆሎ። ለደከመ ሰው በሶ ነው የሚሰጠው፤ ለአራስም፣ ለመንገደኛም፣ ከሕመም ለተነሣም። ፌስታሉን ከፍታ ሽታው ሲወጣ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለእናቷ «የላክሽልኝ መርዜ ነው» ብላ መናገር አልቻለችም፤ አንድ ወር «ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ እየጠጣሁ ነው» አለች።

ይሄ ነው ትልቁ ጥፋታችን። ሕመማችንን እንደብቃለን። ያላገባች ልጅ ከሆነች «በሽተኛ ናት ይሉኛል» ትላለች፤ ወላጅ አገር ቤት ካለ «አላስጨንቃቸውም» እንላለን። እኛ ግን የምንመክረው ተቃራኒውን ነው፤ ንገሩ። በመጨረሻ ስትነግራቸው እናቷ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥለው ተቆጡ («እና በሶውን ለምን አልነገርሽኝም!»)፣ ከዚያ አሰቡ። በዚያች አንድ የስልክ ጥሪ የወጣው ዝርዝር ከባለሙያዋ ወረቀት ይበልጥ ጠቀመን። በሶ፣ የገብስ ገንፎ፣ ቅንጬ፣ ጠላ፣ ሕምባሻ፣ የስንዴ ጨጨብሳ ይቅር። የገብስ ቆሎ ይቅርና የሽምብራ ይሁን፣ ገብስ ካልተደባለቀበት። ገንፎ ካማራት ከቡላ ወይም ከበቆሎ። ቂጣ ከማሽላ። ጠጅ ማርና ጌሾ ነው፣ ችግር የለውም። ሽሮውና በርበሬው ራሳቸው ምንም የለባቸውም፤ ግን «የኔ ሽሮ ከስንዴ ቀጥሎ ነው የተፈጨው፣ እሱን አትብዪ፤ ሌላ እልክልሻለሁ» አሏት። በቀጣዩ መንገደኛ ቡላ መጣ።

ሴሊያክ ያለበት ሰው የሚያጣው ዳቦ ብቻ አይደለም፤ ከሰው ጋር መብላት ነው። የኛ ገበታ አንድ ትሪ ነው። እንጀራው ከሥር ተነጥፎ ወጡ ከላይ ሲፈስ፣ እንጀራው ገብስ ካለበት ወጡም አለቀለት። ጉርሻውስ? በፍቅር የተጠቀለለውን እምቢ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሀበሻ ለሀበሻ አይነግርም። ማኅበር ላይ የተባረከውን ዳቦ እምቢ ማለትስ? «ትንሽ ናት፣ ለበረከት ቅመሺ» ይሏታል፤ በክፋት አይደለም። ትንሿ ግን ትጎዳለች። እኛ የደረስንበት ዘዴ ቀላል ነው። የራሷን እንጀራ ይዛ ትሄዳለች፣ ወጡ ለሌላው ሳይነካ አስቀድሞ ለሷ በሳሕን ይወጣል፣ አጠገቧ የተቀመጠው ሰው ከሷ ሳሕን ያጎርሳታል። ጉርሻው አልቀረም፤ ሳሕኑ ነው የተለየው። «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» እያልን ያደግን ሰዎች ነንና ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ቅዱስ ቁርባን የጠየቁን አሉ። ኅብስቱ ከስንዴ ነው፤ ይሄ በኛ የሚወሰን ነገር አይደለም። ልንል የምንችለው አንድ ነው፤ በዝምታ ከመቅረትም በዝምታ ከመቀበልም ለንስሐ አባት የሐኪሙን ቃል ይዞ ሄዶ መንገር ይሻላል። የነገሩ ሰዎች አፍረው አልተመለሱም።

ሐኪም ቤቱንም አንረሳም። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው ወላጆቻችን ይሄን ሁሉ በልጅ አስተርጓሚነት መስማት የለባቸውም። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ቋንቋውን ለማይችል ታካሚ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ ግዴታው ነው። ቀጠሮ ሲያዝ «አማርኛ» ብሎ መጠየቅ ነው። ሐኪሙ ደግሞ «ዳቦ ትበያለሽ?» ብሎ ሲጠይቅ «እንጀራም እበላለሁ፤ እንጀራው ግን ጤፍ ብቻ ላይሆን ይችላል» በሉት። ይመዝግበው። የሚቀጥለው ሀበሻ ሲመጣ ራሱ ይጠይቃል።

የጓደኛችን የመጨረሻ ምርመራ ቁጥሩ መውረድ መጀመሩን አሳይቷል፤ ገና ልኩ ላይ አልደረሰም፣ ሐኪሙም ጊዜ ይወስዳል ብሏል። የሰኞው እንጀራ ደንበኞች አሁን ሰባት ሆነዋል፤ ሁለቱን አናውቃቸውም፣ ሰምተው የመጡ ናቸው። እናትየዋ ፌስታሉ ላይ በእስክሪብቶ «ጤፍ ብቻ» ብለው ይጽፉበታል፤ በሌላው ላይ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ጤፍና ገብስ» ማለት ጀምረዋል። እስካሁን አንድ ደንበኛ እንደቀረባቸው ነግረውናል።

ባለ ሱቁ ጋሼ ግን ባለፈው ሳምንት ገብተን ስንጠይቃቸው «ንጹሕ ጤፍ ነው አልኳችሁ እኮ!» አሉን። ፌስታሉ ላይ የተጻፈውን አሳየናቸው። መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡት።